ቃለ ጉባኤ፣ ሐረጎ

ከሐረጎ ወገብ፣ መንገዱ ሲዞር፣
ሁለት ከተሞች ነን፣ የምንወዛገብ በአንድ ቁና አፈር።
ደሴ ከላይ ሆና ጉም ተከናንባ፣
ኮምቦልቻ ከታች በጭስ ተከብባ፣
መሀል ላይ አንድ ሾላ፣ አንድ ምንጭ፣ ጥቂት ጽድ፤
ጠጠር ሊያደርገው የመጣ ባለ ክሬሸር፣ ገንዘብ ያለው እንደ ጉድ።
"እሱ ሳይቀድመን" ተባለ፣ "ካሳውን ሁለታችን ከፍለን
መናፈሻ እናድርገው፣ አረፍ የምንልበት ሰው ሆነን።"

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የራሴን አልጽፍም፣
የተባለ እንጂ የታሰበ አይሰፍርም።

ስብሰባው የዋለው ጭር ባለ ትምህርት ቤት፣
በተማሪ ወንበር፣ ጉልበታችን እየነካ ደረት።
የደሴ ፋይናንስ፣ ወይዘሮ ትጓደድ፣
ካልኩሌተር ይዛ፣ ሻርፕ ጠቅልላ ከብርድ፣
"ካሳውን እንካፈል" አለች፣ "ግማሽ በግማሽ፤
ሒሳብ ሲዛነፍ ነው ወዳጅ የሚሸሽ።"
ኢንጂነር አራጌ ኮቱን አወለቀ፣
ከኮምቦልቻ ወገን ተነሥቶ ጠየቀ፤
"ከላይ የምትኖሩ፣ ሕዝብ የበዛላችሁ፣
እይታው የናንተ፣ ነፋሱም የናንተ፣ ወጪውም ይድረሳችሁ።"
"ሙቀት ያማረረው የናንተ ሰው አይደል
ቅዳሜ በሚኒባስ ሽቅብ የሚግተለተል?"
"የናንተስ?" አለ እሱ፤ "ጉም ልብሱን ሲያርስበት
ፀሐይ ሊበደር የሚመጣው ከኛ ቤት?"
ጻፍኩት፤ ነፋስና ጉም ሆነ በመቶኛ፤
የወረዳው ተወካይ በክንዱ ላይ ተኛ።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ አንድ ዘዴ አመጣ፤
"ሾላው ይለካ" አለ፣ "ሜትር ይዘን እንውጣ።
ጠዋት ጥላው ወደ ደሴ ነው የሚጋደም፣
ከሰዓት ይዞራል ወደኛ፣ ማንም አይከለክለውም።
በጥላው ሰዓት ልክ ካሳው ቢከፈል ምን አለው?"
ማንም አልሳቀም። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው።

ያን ጊዜ በሩ አጠገብ፣ ጆንያዋን አንጥፋ የተቀመጠች
ባለ መሬቷ፣ ጦይባ ይማም፣ እጇን አወጣች።
"ኧረ በነቢ ልጆቼ፣ ደመና የዋለ 'ለት
ጥላው ወዴት ይሄዳል? ማን ሊከፍልበት?"

ዝም አለ ቤቱ። ቆርቆሮ ብቻ ሲንቀጫቀጭ፣
ጭነት ያደከመው አይሱዙ ሲያቃስት ከውጭ።
"ይሄ አይጻፍ" አለኝ ሰብሳቢው፣ በዐይኑ።
ጻፍኩት። አለ እዚያው፣ ገጽ ሦስት፣ ከነቀኑ።

ሲመሽ ተስማሙ፦ ሃምሳ አምስት በአርባ አምስት፣
በሁለት ማኅተም፣ በዘጠኝ ፊርማ፣ ክፍያው በዙር ሦስት።
ጦይባ አውራ ጣቷን ሰማያዊ ነክራ አተመች፣
ስትወጣ በሾላው ግንድ ጣቷን ጠረገች።

ሁለት ክረምት አለፈ። ክሬሸሩ ሄደ ሌላ ተራራ ሊበላ፤
ይኸኛው ዳነ፤ አለ ምንጩ፣ አለ ሾላ።
የኮምቦልቻ ሦስተኛ ዙር ገና "በሂደት ላይ" ነው፣
ደሴ ቃል ከገባችው ስድስት አግዳሚ አራቱ ነው የመጣው።
በሩ ላይ ሁለት ታፔላ፣ በሁለት ቀለም፣
በሜትር ተለክቶ፣ አንዱ ካንዱ በጣት አይበልጥም።
እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ባለፈው እሑድ
ልጆች ኳስ ሲጠልዙ አየሁ፤ በረኛው ከላይ፣ አጥቂው ከታች፣ ዳኛው ማንንም የማይወድ።

ዘበኛው አዲስ ነው። ትናንት ጦይባን በር ላይ አቆማት፤
"መግቢያ አሥር ብር ነው፣ እናቴ" አላት።
ከኋላዋ ነበርኩ። ሰማሁ። ላቤ መጣ።
ሃያ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ፤ "ጦይባ በነፃ ትግባ" የሚል ከየት ይምጣ?
ደሴ፣ ኮምቦልቻ ያሰፈረችው መስሏት፣
ኮምቦልቻም ደሴ፤ እኔም... አልተባለማ፣ ማን ይጻፍላት?

ከመቀነቷ ፈትታ ሁለት አምስት ብር አወጣች፣
"አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች" ብላ ሳቀች፣
ደረሰኟን አጣጥፋ ገባች።
ሾላው ሥር ደርሳ ግንዱን ዳበሰች፤
ሰማያዊውን ፈልጋ ይሁን፣ እንጃ፤ ተቀመጠች።

ቀና አልኩ። ከጦሳ እስከ ቦርከና ሰማዩ ተከድኗል፤
የሾላው ጥላ የለም። ወዴት እንደሄደ ማን ያውቃል?