ስድስት ከአስር

ኦስትራቫ ውስጥ፣ ከትራሙ ድልድይ ሥር፣
ከድራሆሚራ ሱቅ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ አንድ ቅርጫት ነበር።
አርባ ዘጠኝ ኮሩና፣ ከክምሩ መርጦ፣
ዋጋው ሦስቴ ተሰርዞ፣ ሽፋኑ ተገሽልጦ።

ሉቦር እጁን ሰደደ፣ ዓሣ እንደሚያጠምድ ሰው፣
«የብረት መንጋጋ» የሚሉት ጌም ነው የያዘው።
ሽፋኑ ላይ ሰውዬ፣ ክንዱ የድንች ጆንያ፣
በግራው ሽጉጥ፣ በቀኙ መጥረቢያ።
ድራሆሚራ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«መጽሔቱ ያኔ ስድስት ከአስር ሰጥቶታል» አለች፣ «መመለስ የለም በኋላ።»

እውነትም ስድስት ነው፤ መዋሸት ለምኔ፣
ጀግናው ተናግሮ ያበቃል፤ ከንፈሩ የሚከፈተው ያኔ።
ዛፉ ሁሉ አንድ ዛፍ ነው፣ ተገልብጦ ተተክሎ፣
ጠላቱ ሁሉ አንዲት እናት የወለደችው፣ ለአንዱ ጢም ተቀጥሎ።
ካሜራው እልኸኛ ነው፤ ጦርነቱ ሲጋጋል
ዞር ብሎ ግድግዳ ያያል።
ደረጃ ስትወጣ ትዋኛለህ፣
«በሩ ተከፍቷል» ሲልህ በግንባርህ ትላተማለህ።
ሁለተኛዋ ተጫዋች እኔ ነኝ፤ ጥላዬን ሳይሠሩት ረስተዋል፣
ወንድሜ «መንፈስ ነሽ» እያለ እስከ ዛሬ ያሾፍብኛል።

መጥረቢያው ግን፣ ወዳጄ፣ መጥረቢያው ግን ሌላ ነው፤
ስትወረውረው ያፏጫል፣ ሦስት ሰው ጥሎ ተመልሶ መዳፍህ ላይ ነው የሚያርፈው።
ጆይስቲኩ እጅህ ውስጥ ይርገበገባል፣ እንደ ያዙት ድንቢጥ፤
አንድ ሰው፣ ስሙን የማናውቀው፣ ሌሊቱን ተቀምጦ እስኪነጋ ሲቆርጥ ሲቀጥል፣ ሲለውጥ
እንደ ነበር ይገባሃል። ለዛፉ ጊዜ አጥቶ፣ ለከንፈሩ ገንዘብ ቸግሮት ነው፤
ያለውን ሁሉ፣ እንቅልፉን ጭምር፣ መጥረቢያው ላይ አፈሰሰው።

የአጎታችን ልጅ ራዲም የገዛው ብዙ ሚሊዮን የወጣበት ነው፤
ሣሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የፈረሱ ላብ ሲንጠባጠብ ነው የምታየው።
ያማረ ነው፣ አልክድም። እንደ ባንክ አዳራሽ ያበራል፤
ሰው ሲገባበት ጫማውን ይጠራርጋል።
የእኛው የጓሮ በር ነው፣ በርግጫ የሚከፈት፣
ጭቃህን ይዘህ የምትገባበት።

አባባ ቫቭርዢኔትስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል ጉድጓድ የኖረ፣
ጌም ሲባል ጀርባውን ያዞረ፣
ያን ማታ ሾርባውን ይዞ ከኋላችን ነበረ።
አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሉቦር ፈረሱን አጥር ሲያዘልለው፣
ፈረሱ አየሩን ረግጦ፣ ቀጥ ብሎ ሽቅብ፣ ጣራውን፣ ማማውን፣ ደመናውን አለፈው፤
ጀግናው ኮርቻው ላይ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣
«መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ብሎ ተናገረ።

የአባባ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።
ከዚያ ሳቀ። የማላውቀው ሳቅ፣ ከሆዱ ሥር፣ ከጉድጓዱ ሥር የወጣ፣
ሾርባው ፈሰሰ፣ ሳሉ ከሳቁ ጋር መጣ።
«ድገሙት እስቲ» አለን፣ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠግቶ፤
ሁለት ሳምንት ሙሉ አራተኛውን ብቻ ተጫወትን፣ አምስተኛው ተረስቶ።

«ጉድጓድ ውስጥ» አለ አንድ ቀን፣ «ምሰሶው፣ ገመዱ፣ መብራቱ፣
አንዱ ከተሳሳተ ሰው ይሞታል።
እዚህ ግን ስሕተቱ
ክንፍ ሆነው ለከብቱ።»

ዘንድሮ፣ የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን፣ ሉቦር ኮንሶሉን ከኢንተርኔት ሲያገናኘው፣
አንድ መልእክት ብቅ ብሎ ስክሪኑን ሸፈነው፦
ማሻሻያ መጥቷል። ከንፈሩ ተስተካክሏል፣ ካሜራው ታርሟል፣
ፈረሱ ከእንግዲህ አጥሩ ጋ ይቆማል።
«አሁን ይጫን?» ይላል። ሉቦር እኔን አየ፤ እኔ ምንጣፉን አየሁት፤
የአባባን ወንበር፣ ከቦታው ያላነሣነውን፣ እንዳላየ አለፍኩት።

ኋላ ተነሥቼ ሄድኩ፣
ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ።

ሉቦር ፈረሱን ኮልኩሎ ወደ አጥሩ ገሠገሠ።
«መንገዱ አስቸጋሪ ነው» አለ ጀግናው፤
ደመናው ጋ ስንደርስ ከንፈሩ ተላወሰ።