አምስት ሰዓት

ይኸው ዕቅዴ፦
ሐሙስ ማታ ከሎድ ተነሥቼ፣
ዓርብ ቀትር ባንኮክ ገብቼ፣
ሰንበትን ሆቴል ተኝቼ፣
እሑድ ጧት እዚሁ ነቲቮት፣ ቃሪያ ማሸጊያው በር ላይ ካርዴን መትቼ።

ዘርፌ በጣቷ ቆጥራ ሳቀች፦
«ፀሐይ እስክትገባ አምስት ሰዓት ልታዪ?
በዚህ ሼቅል ፍሪጅ በገዛሽ!»

ፕራሰርት ግን አልሳቀም።
የቃሪያ ካርቶን ገልብጦ ወንዙን አሰመረልኝ፣
ድልድዩን፣ ማንጎ በሩዝ የምትሸጠውን ሴት፤
በእሱም በእኔም ስብርባሪ ዕብራይስጥ፦
«እዚህ ብዪ። እዚህ ጫማ አውልቂ።»

«ያንተስ ቤት?» አልኩት።
ጣቱ ከወንዙ ተነሥቶ ሽቅብ ሄደ፣
ካርቶኑን ጨረሰ፣
የብረት ጠረጴዛውን ጨረሰ፣
አየር ላይ ቆመ።
ካየው አራት ዓመቱ።

ካርቶኑን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ።
አምስት ሰዓት፤
ለካስ ብዙ ኖሯል።