በልቻለሁ

ስምንት ሰዓት ሌሊት፣ ፔዳ ግቢ ሳለሁ፣
አየር ያጣ ጠርሙስ ፊቴ አስቀምጫለሁ።
ናይትሮጅን ነፍቼ፣ አየሩን ቀምቼ፣
እርሾ ምን እንደሚል ልሰማ አድብቼ።
ከመስኮቱ ማዶ ጣና ይተነፍሳል፣
የደንገል፣ የዓሣ ሽታ ከነፋስ ይደርሳል።

እርሾ ኩሩ ነገር ነው።
አየር እስካለ ድረስ የራሱን ይሠራል፣
ገላውን የሚያጸናበት ቅባት ራሱ ያነጥራል።
ለአንዲት ቅንጣት ስቴሮል አሥራ ሁለት ትንፋሽ ይከፍላል፤
ጎረቤት ቢያመጣለት
«በልቻለሁ» ይላል።
በሩን ቆልፎ አይደለም፤ ጭራሽ በር የለውም፣
መዝጊያና መቃኑ ገና አልተጠረበም።

ግን አንድ ዘበኛ አለ፣ ከግቢው ያረፈ፣
አንዲት ቅንጣት ቅባት በጉያው ያቀፈ።
ጉያው ሞልቶ ሳለ ዝም ብሎ ይተኛል፤
የጎደለ ቀን ግን ብርድ ይቀሰቅሰዋል።
እመሃል ቤት ይገባል፣ መጽሐፉን ይገልጣል፣
ማንም ያላነበበው መስመር ላይ ጣቱን ያስቀምጣል፤
«ይህ ይነበብ» ይላል።
በር የሚጠረበው ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ቢያድግልኝ ጀልባ አናጢ ነበር፣
ውኃው ዳር ከዋንዛ ሲታገል፣ ሲሰረስር።
እናቴ ካረፈች ወዲያ፣ ጎረቤት እትዬ አንጓች
የምስር ሾርባ ይዛ ስታንኳኳ ሰነበተች።
«በልቻለሁ» ይላታል።
የበላውስ ሰጋቱራ ነው፤ ሳንባው ያውቀዋል።
እሷም የጠላ ጋኗን ልትመርግ ትመለሳለች።
(ከጭቃው በታች ምን በር እንደሚከፈት
ማን ነግሯት! ጆሮዋን አስጠግታ ብቻ ታዳምጣለች።)

ታኅሣሥ ላይ ሆስፒታል ገባ። አልጋ አሥራ አራት።
ከሲሊንደሩ አፍንጫው ድረስ አንድ ቀጭን ቱቦ።
አንጓች ያንኑ ሾርባ ይዛ መጣች፣
ማንኪያውን አስጠጋች።
ያችን ቃል ጠበቅሁ።
አፉን ከፈተ።
ዋጠ።
ቆይቶ፣ ትንፋሹን ከየትም ለቃቅሞ፣
«ጨው አንሶታል» አለ።

ዛሬ ሰባተኛው ሳህን ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አገኘሁ፣
አየር ሞልቶለት ሳለ ከደጅ የሚቀበል።
ከሺህ ፊደል አንዷ ተዛንፋ ተጽፋ
ዘበኛው እንቅልፍ አጥቷል፣ በሩ ክፍት ያድራል።
መዝገቡ «ጉድለት» ይለዋል፤ እኔም እንዲያው ጻፍሁ።
ከጎኑ ግን በእርሳስ፣ ማንም እንዳያየው፣
«አንጓች» ብዬ አከልሁ፤
ኪራይ የማይከፍል ተማሪ፣ የማንም ያልሆኑ ሁለት ልጆች፣
አንድ ዓይና ድመት፣
ከቤቷ ስላየሁ።

ሲነጋ ወጣሁ።
ዘንባባው ጤዛ ያንጠባጥባል።
እትዬ አንጓች ከደጇ፣ ጣቷ ጭቃ እንደያዘ፣
«ነይማ ቅመሺ» አለችኝ።
ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመስሁም።
ደረቴ ግን የጣና አየር ሞልቶታል፤
ምላሴ ከኔ ቀድሞ
«በልቻለሁ» ብሏል።