ዐስር

አኮ ውስጥ፣ ባሕሩን በሚያይ ክሊኒክ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
ኩላሊቴ ሥራ ፈትቶ፣ ደሜ እስኪታጠብ ስጠብቅ፤
እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፤ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ፣
ክንዴ በሁለት ቱቦ ታስሮ፣ እንደ በቅሎ ከግንድ።

በግራዬ ሐጅ ሙፊድ አለ፣ ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣
አርባ ዓመት ጀልባ ላይ የሰገደ፣ አርባ ዓመት በጨው የኖረ።
ስኳር ዓይኑን በልቶበት፣ የግድግዳው ሰዓት
ለእሱ ነጭ ጉም ነው፣ ቁጥር የሌለበት።
ባሕሩንም በድምፁ ብቻ ያውቀዋል፤
«ዛሬ ተቆጥቷል» ይለኛል፤ «ዛሬ ደግሞ ተኝቷል።»
የምንነጋገረው በተሰበረ ዕብራይስጥ ነው፤
እሱ ግማሹን በዐረብኛ፣ እኔ ግማሹን በሆዴ እንደያዝሁት ነው።

የተዋወቅነው በስሕተት።

መስከረም ነበር። የእጄ ሰዓት
ዛሬም ባገሬ አቆጣጠር ይሄዳል፤ ልጆቼ ይስቁበት!
ፀሐይ ወጥታ «አንድ ሰዓት» ካላልሁ
ቀኑ የነጋ አይመስለኝም፤ እንዲህ ሆኜ አለሁ።
ማሽኑ ጮኸ። ሰዓቴን አየሁ። ቀስ ብዬ
«አሥር» አልሁ፣ ባማርኛ፣ ለራሴ ብዬ።

ሐጅ ሙፊድ ቀና አለ። «ዐስር?»
«አሥር» አልሁት።
«ጀዛከላህ!»

እኔ ቁጥር ጠራሁ፤ እሱ ጥሪ ሰማ።

ከኪሱ የትምባሆ ቆርቆሮ አወጣ፤ ትምባሆ የለበትም፤
ከግቢው በለስ ሥር የዘገነው አፈር ነው፤ ዱቄት አይበልጠውም።
«ባሕር ላይ ሳለሁ» አለኝ «ውሃ አያልቅብኝም ነበር፤
አሁን ይህን ክንድ ውሃ አይንካው አሉኝ፤ ይበቃኛል አፈር።»
በአንድ መዳፉ አፈሩን መታ አደረገና ፊቱን ዳበሰበት፤
የታሰረ እጁንም፣ መርፌው እንዳይነቃነቅ፣ በስሱ አበሰበት።
ከዚያ ሰገደ። መቆም የለ፣ ግንባር ከመሬት የለ፤
ለሩኩዕ አገጩን ጥቂት፣ ለሱጁድ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ።
አራት ረከዓ። ቆጠርሁለት።

ላሪሳ አፈሩን አይታ «ንጽሕና!» ብላ ጮኸች፤
በሳምንቱ ግን ለቆርቆሮው ነጭ ፎጣ አነጠፈች።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ወገራ ላይ፣ ሰሜኑን እያዩ
ወደ ኢየሩሳሌም ሲጸልዩ፣ ከወንዝ ማዶ በዚያው ትይዩ
ሸማኔው ሼህ ሰይድ ኑር ወደ መካ ይሰግድ ነበር።
አሁን ሁለቱም በደቡብ ናቸው፤ ከዚህ ከመስኮቱ በር።
ጸሎቱ አልዞረም፤ የዞርነው እኛ ነን።
የአባቴን ግዕዝ እኔ ከረሳሁት ቆየሁ፤
አንድ ቃል ቀርቶኛል፤ እሱንም የምለው ለማን እንደሆነ አጣሁ።

እንዲህ ሆኖ ሳልማር ሙአዚን ሆንሁ።
ልጁ ዋጅዲ ስልክ ገዝቶለት ነበር፣ አዛን የሚል፤
ዘግቶ ከኪሱ ከተተው፤ «እሱ ሳልጠይቀው ይጮኻል፤
አንተ ንገረኝ።»

ታኅሣሥ ገባ፤ ቀኑ አጠረ፤ ጥላ በጊዜ ረዘመ፤
የእኔ ቁጥርና የእሱ ጥሪ አንድ መሆኑ አከተመ።
ዋጅዲ የየቀኑን ሰዓት በትልልቁ ጽፎልኝ
ወረቀቱን አጥፌ ይዣለሁ፤ ከመድኃኒቴ ጋራ፣ ከጎኔ፣ እንዳይጠፋብኝ።

ዛሬ ዝናብ ነው። ባሕሩ ተቆጥቷል። ስምንት ተኩል ሆኗል።
ሐጅ ሙፊድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።
ምን ልበለው? «ስምንት ተኩል» ብለው ምን ሊገባው፤
በዚህ ሐሰት የሚቀጣኝ ካለ፣ ጉዳዩ የእኔና የእሱ ነው።

ቱቦው እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ፣
«አሥር» አልሁት።