አሥራ ሁለት ፓስካል

ግንቦት ነው። ድሬ ላይ አስፋልቱ
የጫማ ሶል ይዞ አለቅም ይላል፤
ከለገሃር እስከ ሳቢያን
ባጃጁ ጥላ ለጥላ ይሄዳል።
እኛ ግን ሹራብ ደርበን
ከመስታወቱ በር ወዲያ ሌላ አገር ነበርን፤
የብረት ቁም ሣጥን በረድፍ ተገትሮ፣
የሰው ሁሉ ሒሳብ፣ የሰው ሁሉ ፎቶ
በአንድ ክፍል ታጉሮ።

ስምንቱ ማራገቢያ ሌት ተቀን ይጮኻል፤
ሦስተኛው ረድፍ ግን
እንደ ታመመ ልጅ ግንባሩ ይፋጃል።
«ጨምሩ!» ይሉናል። እንጨምራለን።
የመብራቱ ደረሰኝ ሲመጣ
ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ገልብጦ ያያል፣
ከጀርባው ሌላ ቁጥር ያለ ይመስል።

ኢፍቱ ናት ያመጣቻቸው፣
አውራ ጣት የሚያካክሉ ሣጥኖች፤
ከወለሉ ሥር፣ ነፋሱ በሚያልፍበት ጨለማ፣
አሥራ ስድስቱን እንደ ዘር በተነቻቸው።
«ሙቀት መርዶ ነው» አለች፣
«ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚደርስ።
ግፊቱን ጠይቁት፤
እሱ ገና ሳይታመም ያውቃል።»

የምትፈልገው አሥራ ሁለት ነበር።
አሥራ ሁለት ፓስካል፦
የሳንቲም ውፍረት የምታህል ውሃ
መዳፍ ላይ ብትቆም የምትጫነውን ያህል።
በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ግን አራት።
አንዳንዴም ሦስት።

ንጣፉን አነሣን፣ በደረታችን ተሳብን።
ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ፤
ገመድ ሊያሳልፉ የበሱት፣
ገመዱ አልፎ እሱ የተረሳ።
ከቀዳዳው ወዲያ ኮሪደሩ፣
ከኮሪደሩ የዋበሪ ወንበር።

ዋበሪ ሠላሳ ዓመት የባቡር ፍሬን ጠግኖ
ባቡሩ ሲቆም አብሮ የቆመ፣
የሌሊት ዘበኛችን።
ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል፤
በር በተዘጋበት፣ መስኮት በሌለበት
የሽርጡ ጫፍ ይርገበገባል።

«አውቀው ነበር» አለ፣ ሳንጠይቀው።
«ቱቦ ሲተነፍስ እኔ ድምፁ ይጠፋኛል?
በሳሙና አረፋ ስንቱን ቀዳዳ ይዣለሁ!
ፍሬን አየር ካፈሰሰ ሞተሩ አያርፍም፤
ይሄ ለልጅ የሚነገር ነው።»
ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦
«ግን ሌሊቱ ይሞቃል፣ ልጄ።»

ኢፍቱ መድፈኛውን እንደያዘች
ቀዳዳውን አየች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች።
ደፈነችው።

አራት። ሰባት። ዘጠኝ ላይ ትንሽ አመነታ።
አሥራ ሁለት።
ማራገቢያዎቹ አንድ በአንድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤
ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ
ሰው ሳይጮኽ የሚያወራበት ሆነ።
ሪፖርቱ አምሮ ወጣ፤ በመቶ ሃያ ሁለት ቅናሽ፣
ባለ ቀለም ሰንጠረዥ።
የዋበሪ ላብ የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረውም።

ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣
ፊቱን ወደ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ አዙሮ።
ሲያልፍ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፤
«አሁን አረፈ» አለ፣ ስለ ሞተሩ።

በማግሥቱ ኢፍቱ ትርፍ የነበረችውን ሣጥን
ከኒሙ ቅርንጫፍ አሰረቻት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
ከስክሪኑ ጥግ አሥራ ሰባተኛ ቁጥር አለ፣
ሥራ አስኪያጁ ብልሽት የሚመስለው።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ከአሸዋው በኩል ነፋስ ሲነሣ፣
ከፍ ይላል።
እኛም ተራችን ከሆነ
ቀና ብለን እናየዋለን።