ህ እና ሽ

ሁለቱንም ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ሳልጠየቅ ልናገር፣ ዝምታው ከበደኝ።
በቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ ማዶ፣
ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ባሕር ለምዶ፣
ኮንቴይነር ሲወርድ ኮንቴይነር ሲጫን
እያየሁ እጽፋለሁ፦ "እንኳን ደስ አለህ"ን፣ "ይቅርታ"ን።

የክሬኑ ፕሮግራም ያን ክረምት ታመመ፤
ሁለት መርከብ ጠርቶ ላንድ ቦታ አጋጠመ።
አለቆቼም አሉ፦ "ፈተናው ይህ ይሁን፤
ስህተቱን የያዘ ይረከብ ወንበሩን።"

ሰባ ሰው ሞከረ። ስልሳ ዘጠኙ ሰው
ገጽ ሙሉ ጽፎ ነው በሽታውን የሳተው።
ሰባኛው አሥራ ሁለት መስመር ላከ፣ በቃ፤
ክሬኑ ከእንቅልፉ እንደ ሰው ነቃ።
ከግርጌው ያለው ስም፦ ኦ. ባራኦና።
አለቃዬ ሳቀ፦ "ይሄ ልጅ ጀግና!"
"ጻፍለት" አለኝ። ጻፍኩ፦

    ሥራህን አይተናል። እጅህ ይባረክ።
    ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ና።
    ወንበርህ ይጠብቅሃል።

ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። ኦቲሊያ መጣች፤
የዝናብ ካፖርቷን በሩ ላይ አራገፈች።
"ማንን ፈልገሽ ነው?" አለቃዬ አላት።
ደብዳቤውን አየ፤
ያንን ሳይሆን ሌላ ወንበር ሳበላት።

ስለ አሥራ ሁለቱ መስመር ማንም አልጠየቀም።
"ሌሊት ክሬን ቢቆም፣ ባልሽ አይቆጣም?
ልጅስ ታስቢያለሽ? ወንዶች ናቸው ሁሉ፣
ትችያቸዋለሽ?" እያሉ፣ እያሉ።
እሷም፦ "ክሬናችሁ እንኳ ይህን አልጠየቀኝም።"

ሐሙስ ቀን ታዘዝኩ፦ "ያንኑ ደብዳቤ ክፈት፤
ትንሽ ነገር ለውጥና ላክላት በዚሁ ዕለት።"
ከፈትኩ። ከ"ሥራህ" ላይ ህን አወጣሁና
ሽን ተከልኩበት፤ ከ"እጅህ"ም እንደገና።
አንዷን ፊደል ብነካ፣ ዓረፍተ ነገሩ
ተተረተረ እንደ ሹራብ፣ እስከ ማሰሪያ ክሩ፦

    ሥራሽን አይተናል። እጅሽ ይባረክ።
    ነገር ግን
    ከቡድናችን ጠባይ ጋር የምትስማሚ አልመሰለንም።

ወንበሩን ኔሜሲዮ ወሰደ። ክፉ ሰው አይደለም፤
ከስልሳ ዘጠኙ አንዱ ነው፤ ስህተቱን ዛሬም አላገኘውም።

በሰኞው ደብዳቤው ተመልሶ መጣ፤
በቀይ አስምራበት፣ ሳትሰድብ፣ ሳትቆጣ፣
እንደ ፕሮግራም ሠሪ ዳሩን ቁጥር ሰጥታ፦
    መስመር አንድ፦ ደህና።
    መስመር ሁለት፦ እዚህ ተሰበረ።
    የገባው ያው ሆኖ የወጣው ተለየ።
    ምክንያት፦ አንዲት ፊደል።
አለቃዬ አላነበበውም። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፣
መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከደረሰኞች ሥር የደበቅኩት።

ክሬኑ ግን ይሠራል፣ ዝናብ ሆነ ጉም፣
በነዚያው አሥራ ሁለት መስመር፤ ሌላ የለውም።
"ፈተና ነው" ተብሎ፣ አንድ ፔሶ አልተከፈላትም።

አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ስክሪኑን ብገልጠው፣
ከመስመሮቹ በላይ፣ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣
ለሰው ዓይን ብቻ የተተወ ጽሑፍ አለ፦

    ይህን ያረመችው፦ ኦ. ባራኦና

ያረመ-ች-ው።
ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ እዚያው ነበረች።
አልተደበቀችም።
ያነበበ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።