ሁለት ድንጋይ

ዮዔዘር ይሉኛል፤ መግደላ ነው ቤቴ፣
ዓሣ በጨው ማድረቅ የአባት የአያቴ፣
በገሊላ ባሕር ዳር አለቀ ሕይወቴ።
ጣቶቼን ተመልከት፤ ጨው ሰንጥቋቸዋል፣
ሰባ ዓመት ሲሞላኝ መታጠፍ ትተዋል።
ይህ አውራ ጣቴ ግን እስካሁን ይሠራል፤
ሚዛን ባየ ቁጥር መጫን ይቃጣዋል።

ሁለት ድንጋይ ነበሩኝ፣ ወንድማማች መሳይ፣
አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል፣ ለዓይን የማይለይ።
ከባዱን አወጣለሁ ከአጥማጅ ስገዛ፣
ቀላሉን ስሸጥ። "ቤተሰቤ በዛ፣
ቀራጩም ሌባ ነው" እያልኩኝ ለራሴ፣
ምክንያት ሰፋሁላት፣
የበለስ ቅጠል፣ ለራቁት ነፍሴ።

ሰላምጽዮን የምትባል ነበረች፣ ባልቴት፣
ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ በፊት፣
ከቅርጫቴ ግርጌ ርካሹን የምትገዛ፣
ሳንቲሟን በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ ይዛ።
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከድርሻዋ ላይ
ጉርሻ ጉርሻ ነጠቅሁ፤ ማን አለና የሚያይ?

ያን ሰሞን አገሩ ወደ ዳር ይጎርፋል፤
አንድ የናዝሬት ሰው፣
ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሕዝብ ያስተምራል።
እኔ አልሄድኩም። ዓሣ ይበላሻል።
ነፋሱ ግን ቃል ቆርሶ እስከ ደጄ አመጣ፤
ስለ መስፈሪያ ነበር። እጄ ላይ ላብ ወጣ።

በዚያው ሌሊት ተነሣሁ፣ ሚስቴን ሳልቀሰቅስ፣
ቀላሉን ድንጋይ ይዤ ከወደቡ ስደርስ
ወረወርኩት። ጥልቁ ዋጠው።
ተመለስኩ፣ ሳልመለስ።

ሲነጋ አጥማጁ ያኪም እየሳቀ መጣ፤
"መረቤ ድንጋይ ያዘ፣ ሊቀደድ ምንም አልቀረው፤
ምልክትህ አለበት። እንካ፣ ያንተ ነው።"
ያንተ ነው አለኝ። ምን ብዬ ልካደው?

ጨርቅ እንኳ ሳልጠቀልል፣ ድንጋዩን ጨብጬ፣
የሰላምጽዮንን ደጅ አንኳኳሁ፣ ላብ አጥምቆኝ፣
"ይህን ያህል ዓመት..." አልኩ፤ የቀረው ቃል ጠፋኝ።
ምስር ትለቅም ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።
"ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ አውቃለሁ" አለች፣ "አውቃለሁ፤
የእናቴ ድንጋይ አለኝ፤ ቤት ስገባ እመዝናለሁ።"
"ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?"
"'ዛሬ ይነግረኛል' እያልኩ ነዋ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር፤
ሌላ ደጅ ብሄድ ኖሮ፣
ለማን ነበር የምትናገር?"

እዚያው እንደ ቆምኩ፣ በምኩራብ የሰማሁት
ትዝ አለኝ፣ የፊተኛው ሰው፣ ዛፍ ሥር የተሸሸገበት።
"ወዴት ነህ?" ያለው ጌታ፣ ሰውየው ጠፍቶት አይደለም፤
የፈጠረውን እጅ የሚሸሸግ ጥላ የለም።
ጠየቀው፣ እንዲመልስለት።
ደግሞም ከገነት ሲያስወጣው፣
ቅጠሉን አወለቀና ቁርበት አለበሰው፤
ውጭው ብርድ ነው።

በዓመቱ ይሁን በሁለተኛው፣ ከኢየሩሳሌም ወሬ መጣ፤
ያ የጀልባው ሰው ተሸጠ፣ ሠላሳ ብር፣ እንጨት ላይ ወጣ።
ሌላው ያለቅሳል። እኔን ግን፣ የሚዛን ሰው ነኝና፣
ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ፦
ያን ብር ሲመዝኑት፣ በየትኛው ድንጋይ መዘኑት?
በቀላሉ ከሆነ፣ የእኔም ጣት አለበት።
ቀጥሎ ደግሞ፣ በሦስተኛው ቀን፣
አንድ ድንጋይ ተንከባለለ አሉኝ።
ድንጋይ አውቃለሁ። በራሱ አይነሣም።

እኔ መዘንኩ፤ እሱ አዘነ።
አንዲት ፊደል ናት በመካከላችን ያለችው፤
እሷን ለመሻገር ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፣
አሁንም አልጨረስኩም።

ቀላሉ ድንጋይ?
ሰላምጽዮን ወሰደችው፤
የወይራ ማሰሮዋን ክዳን ሲጫንላት ኖረ።
እሷ አረፈች። ዓርብ ዓርብ የልጅ ልጇ ትመጣለች፣
ሳንቲሟን በዚያው መሐረብ ቋጥራ።
እመዝንላታለሁ፣
አውራ ጣቴን በጡጫዬ ውስጥ ሸሽጌ።